በስምህ የተጠረዘው ሥራዬ

ከድር፣

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔን ግን አድርጎኛል። ከኦጎልቾ ከሥራ ስትመለስ የነበርክባት ሚኒባስ ከተገለበጠች አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት «አላህ ይዘንለት፣ ደግ ነበር» እያልኩ ኖሬያለሁ። ደግም ነበርክ። ዛሬ ግን ተናድጄብህ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰሚራ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቅለዋል፤ ሳቋ ያው ያንተው ነው። እናትህ አሁን ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ክላስ አለብኝ። አዎ፣ ተመልሻለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ «እትዬ» ከሚሉኝ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ።

አንድ ዓመት፣ አንድ ዲፓርትመንት ነበር የገባነው። የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ስሜ ከስምህ በላይ ነበር። ሌላው ወንድ ሁሉ ፊቱን ሲያጠቁር አንተ በዚያ የአሰላ ዝናብ ሮጠህ መጥተህ አበሰርከኝ። የወደድኩህ ያን ቀን ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ኒካህ አሰርን፤ ብዙም ሳይቆይ ሰሚራን አረገዝኩ። የትምህርት ማቋረጫውን ቅጽ ስሞላ አጠገቤ ቆመህ «እኔ ልጨርስና ሥራ ልያዝ፤ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው» አልከኝ። አመንኩህ።

የመመረቂያ ፕሮጀክትህ ለገበሬዎች ማኅበር ዘርና ማዳበሪያ የሚያከፋፍል ሲስተም ነበር። ንግግሩ ያንተ ነው፤ ሰው ማሳመን ማን እንዳንተ! ዳታቤዙ ግን እምቢ አለህ። ከሰዓት ከሰዓት ላይብረሪ ስትሄድ ልጅቷን በአንድ እጄ ታቅፌ እያጠባሁ፣ በሌላው እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠንጠረዦቹን የሣልኩት፣ እርስ በርስ ያያያዝኩት፣ ስህተቱን አንድ በአንድ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ለሙከራ የገበሬ ስም ሲያስፈልግ የሲሬ አጎቶቼን ስም ከነቀበሌያቸው ሞላሁ።

አቀረብከው፤ አጨበጨቡልህ። ጥራዙ መጀመሪያ ላይ «ለባለቤቴ ለፋጡማ፣ ስለ ትዕግሥቷ» ብለህ አመስግነኸኛል። ያኔ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። አይ ሞኝነት!

ተራዬ ግን አልመጣም። «ልጅቷ ትጠንክር» አልክ። «ሥራዬን ልልመደው» አልክ። «ለከርሞ» አልክ፤ ከርሞም ሌላ ከርሞ ወለደ። ዋሽተኸኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንተ ራስህ ታምነው ነበር፤ በምን ልያዝህ? ተመልሼ የተመዘገብኩት አንተን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ሬጅስትራሩ ትምህርቱ ተቀይሯል ብሎ ያለፍኩትን ኮርስ ሳይቀር አስደገመኝ። ደገምኩ።

ባለፈው ሳምንት አማካሪዬ ዘንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሐሳቤን ይዤ ገባሁ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ መምህር ነው። ያንን የማዳበሪያ ሲስተም ገበሬው በስልኩ፣ በኦሮምኛ እንዲጠቀምበት አድርጌ ልሠራው አስቤ ነበር። ሠንጠረዦቹንም እጄ እንደሚያውቀው ሣልኳቸው። ትንሽ አየና ተነስቶ ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ጥራዝ አወጣ። ከእኔ ወረቀት ጎን ዘረጋው።

«ፋጡማ፣ ይሄን ለምን ገለበጥሽ?»

ሽፋኑ ላይ ያንተ ስም ነበር።

«አልገለበጥኩም ቲቸር። የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«የቱን?»

«ሁለቱንም።»

ፈገግ አለ። ፈገግታው አቃጠለኝ። ጥራዙን ተቀብዬ የሲስተሙ ፎቶ ያለበትን ገጽ ገለጥኩና ስሞቹን አነበብኩለት። ይሄ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ይሄ በቀደም የሞተው ነው፣ ይሄ እግሩን የሚያመው ነው አልኩት። እዚያ ገጽ ላይ ካንተ ወገን አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም የእኔ አጎቶች ናቸው። መምህሩ ፈገግታውን ዋጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«እኔ አምንሻለሁ። ወረቀቱ የሚያውቀው ግን ከድርን ነው። የእኔ ነው ካልሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ያኔ የእሱ ዲግሪ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ካልሆነ ርዕስ ቀይሪ» አለኝ።

በሕይወት ብትኖር አመለክት ነበር። ወላሂ፣ አመለክት ነበር! ፊት ለፊቴ ቆመህ ትመልስልኝ ነበር። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይከራከሩታል?

ቤት ስገባ እናትህ ጋዋን ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ በሻሻቸው ጫፍ እየወለወሉ ለሰሚራ ያወሩላታል። «አባትሽ ብቻውን ታግሎ፣ ማንም ሳይረዳው ነው የተማረው» ይሏታል። አንድ ልጃቸው ነበርክ፤ የቀራቸው ይሄ ወሬ ብቻ ነው። በማግስቱ ርዕሴን ቀየርኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ሥራዬን በፍቅር ሰጥቼህ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ሞተህ ወሰድክብኝ።

አሁን የነፍሰ ጡር እናቶችን ቀጠሮ የሚያስታውስ ሲስተም ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ሐሳቡን የማቀርብበት ቀን ቀርቧል፤ የመውጫ ፈተናውም አለ። ደክሞኛል ከድር።

ትናንት ሽንኩርት ስከትፍ ሰሚራ ቤት ያለውን ጥራዝህን ይዛ አጠገቤ መጥታ «እማ፣ አባቢ ይሄን እውነት ብቻውን ነው የሠራው?» አለችኝ። እናትህ ጓዳ ነበሩ፤ ይስማሉ ብዬ አልተሳቀቅኩም።

«አይደለም። አብረን ነው የሠራነው» አልኳት።

«ታዲያ ስምሽ የታለ?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ዓይኔን ያስለቀሰው ሽንኩርቱ ነው ብላ ሻሽ አመጣችልኝ።

አልረሳህም፤ ይሄን ቃል እገባልሃለሁ። ግን እንደ ለቅሶ ቤት ወሬ አሳምሬ አይደለም የማስታውስህ። የወደድከኝንም የወሰድክብኝንም ሳልቀንስ፣ እንደነበርክ ነው። ልጅህ ለጠየቀችው መልስ ያለብህ አንተ ነበርክ። አንተ ስለሌለህ እኔው ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ፤ ፍቅርህንም ሳልደብቅ፣ ስሜንም ሳልዘል።

ፋጡማ