ከስክሪኑ ግርጌ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ ለሹ ጂን-ታይ፤ ቺካን፣ ፔንግሁ ደሴት።

አባቴ፣ እንዴት ከርመዋል? የእግርዎ እብጠት ጎደለልዎ? ምግብስ ይበላልዎታል ወይስ ዛሬም የስኳር ድንች ገንፎውን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይገፉታል? ነፋሱ እናንተ ዘንድ ጀመረ? እዚህ ሺንቹ ጀምሯል፤ መስኮቱን ሲያንገጫግጨው ይውላል። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በልቤም ደህና ነኝ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

በዚህ ሳምንት ስለ እጥበት ማሽንዎ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ዓሣው እያረረብኝ ነው» ብለው ዘጉብኝ። እስቲ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ዓሣ የሚያርርበት ቤት የት አገር አለ? የወንድሜን ሚስት ዪን-ዩዌን ብጠይቃት ደግሞ «አባባ ማሽኑን በጨርቅ ሸፍነው ማንም እንዳይጠጋው ከልክለዋል፤ እኔን ከሳቸው ጋር አታጣይኝ» አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ዪን-ዩዌ፣ እህት ዓለም፣ አንድም ቃል ሳትዘዪ አንብቢላቸው።

ነገሩ የኩላሊት እጥበት ማሽንዎ ስክሪን ነው። ስክሪኑ እኛ መሥሪያ ቤት እንደተሠራ ያውቃሉ። የማያውቁት እኔ ምን እንዳደረግሁ ነው።

ስክሪን ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን መስመሮች የተሞላ ነው። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰርኪዩት የሚባሉ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ነጂዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ያበራና ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጣት መንካት አለመንካቱን ለማወቅ ደግሞ ስክሪኑ በየመሃሉ ቅብብሉን ለአፍታ ያቆመዋል። በዚያች አፍታ ተራው የደረሰው ሰርኪዩት ሸክሙን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። ማቆሚያው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ፣ የሚጠብቀውም ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። እርስዎ መረብ ሲያስጎትቱ ፊት የሚቆመውን ሰው በየተራ ይለውጡ የለ? እኛ አልለወጥንም። ያ ሰርኪዩት ይደክምና መጀመሪያ ፀጉር የመሰለ መስመር ይታያል። ሲብስበት ማቀበል ያቅተውና ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይጠፋል። ማሽኑን የሚያስቆሙበት የስክሪኑ ቁልፍ ደግሞ ከዚያ በታች ነው፣ አባቴ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የነዚህን ስክሪኖች ዕድሜ የፈተንኩት እኔ ነበርኩ። አሥሩን በጋለ ሳጥን ውስጥ አስገብተን ለሳምንታት ሳናጠፋ እናበራቸዋለን፤ የዓመታት ድካም በሳምንታት እንዲደርስባቸው ነው። በአምስተኛው ሳምንት አንዱ ላይ ያ መስመር ወጣ።

እኛ ዘንድ ማሽን ሁሉ አናቱ ላይ በአረንጓዴ ላስቲክ የታሸገ የበቆሎ ቺፕስ ይቀመጥለታል፣ እንዳይረብሽ። እርስዎ ከባሕር እናት ቤተ መቅደስ ያመጡትን ክታብ ጀልባው ላይ እንደሚያስሩት ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ጉድ ነው፤ ጊዜው ካለፈበትማ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። ታዲያ በሥራ ከኔ የሚቀድመው ጋሽ ኬ መስመሩን ትቶ እሽጉን አንስቶ አገላበጠና «አንቺ ልጅ! ሦስት ወር አልፎታል እኮ! በሻገተ ቺፕስ እየቀለብሽው ማሽኑ ምን ያድርግልሽ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሽጉን መለወጥ የአዲስ ሠራተኛ ሥራ ነው፣ አዲሷ ደግሞ እኔ ነበርኩ። መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ሮጬ አዲስ ገዝቼ አስቀመጥኩ፣ መስመር ያወጣውን ስክሪን በሌላ ተካሁና ፈተናውን ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው ሌላ መስመር አልወጣም። ቅጹ ላይ «የሳጥኑ ችግር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አምኜበት ነበር ወይ? ግማሹን አምኜ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግማሹ ግን ጥድፊያ ነው። የአዲስ ዓመት በዓል ደርሶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲጣደፍ፣ እኔም ወደ እናንተ ለመምጣት ትኬት ቆርጬ ነበር። ያ ፈተና እንደገና ቢጀመር በዓሉን ሳጥን ስጠብቅ መዋሌ ነበር።

ባለፈው ወር አራት ስክሪኖች ከየቤቱ ተመልሰው መጡ። አራቱም ላይ ከግርጌው ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ያው መስመር። መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ፤ ፕሮግራሙን ለውጦ ማቆሚያውን በየጊዜው ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው። ሸክሙ ለሁሉም ሲዳረስ ሰርኪዩቶቹ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ፈትነነዋል፣ ይሠራል።

ጋሽ ኬ ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝና «ዝም በይ ፔይ-ሩ። አዲሱ ፕሮግራም ሲወጣ አሮጌውም ቀስ በቀስ ይታደሳል። የሁለት ዓመት ወረቀት ማን ቆፍሮ ያወጣል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። ስለሚወደኝ ነው ያለው። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ዪን-ዩዌ ትንሿ ልጇ ጂያ-ሻን የጨረቃ በዓሉን ትልቅ ሎሚ ስትልጥ አንስታ ፎቶ ላከችልኝ። ከልጅቷ ኋላ የእርስዎ ማሽን ይታያል፣ ጨርቁ ተንሸራቶ። አጎላሁት፣ አጎላሁት፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን ነገር አለ። የልብስ ማስጫው ገመድ ጥላ ይሁን ያ መስመር ይሁን መለየት አቃተኝ።

በማግስቱ አለቃዬ ወይዘሮ ቱ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ፈርመሻል?» አለችኝ። ፈርሜአለሁ አልኳት። «እንግዲያው ማሽን ሠሪዎቹ ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ይህንኑ በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለች። ነገርኳቸው። ባለሙያዎች በየቤቱ ዞረው ፕሮግራሙን እንዲለውጡ ተወሰነ። እኔን ከሥራ ያሰናብቱኝ አያሰናብቱኝ ገና አልነገሩኝም።

ማሽኖቹ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ብዙ ሰዓት የሠራው እንዲቀድም ተብሎ ዝርዝሩን እንዳወጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የእርስዎ ማሽን ሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛ ወጣ። ተራዎ እስኪደርስ አንድ ወር ይፈጃል ማለት ነው። አባቴ፣ እጄ ወደ ላይ ሊያወጣዎት ሄዶ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን ከእርስዎ በላይ ያሉትም የሰው አባት፣ የሰው እናት ናቸው። አንድ ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ሁለተኛውን ማበላሸት አቃተኝ። ቦታዎ ላይ ተውኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ጨርቁን ያንሱና ዪን-ዩዌ ስክሪኑን ከጎን ጎንበስ ብላ ትየው። መስመር ካለ ማሽኑን አይጠቀሙ፤ ሆስፒታል ያስተማሩዎትን ያለ ማሽን በእጅ የሚለወጠውን የእጥበት ፈሳሽ ከረጢት በቀን አራት ጊዜ ያድርጉ፣ ለሐኪሙም ዛሬውኑ ይደውሉ። እንደ ድሮው ሬዲዮ በጥፊ አይምቱት። ያለውን የለም አይበሉኝ።

ዪን-ዩዌን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሸክሜን ስለጣልኩባት ትታገሰኝ። ጂያ-ሻንን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ከባሕር ሲመለስ እንደናፈቀኝ ይንገሩት። በየወሩ ማጎንግ ሆስፒታል አግዳሚው ላይ አብረውዎት ተራ የሚጠብቁትን ማሽን ያላቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ልጅ ሁሉም የላቸውም። ይህን ይዘው ይሂዱና ያስነብቡላቸው፣ እነሱም ስክሪናቸውን ይዩ። ማን ናት የጻፈችው ብለው ሲጠይቁዎት፣ ያኔ የፈረመችው ልጄ ናት ይበሏቸው።

ልጅዎ ሹ ፔይ-ሩ
ሺንቹ፣ ከጨረቃ በዓል በኋላ በዘጠነኛው ቀን