ሌላንድ ኬስለርና ከአጥር ማዶ የነበረው ስንዴ

ወንድሜ ሌላንድ አውጉስት ኬስለር ከአባታቸው ከአቶ ኦቶ ኬስለርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚልድረድ በካንሳስ ምዕራብ፣ በቴልበርት ወረዳ፣ ከብሬነር ከተማ በስተሰሜን ባለው የእርሻ ቤታችን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ተወለዱ። ድርቅና ነፋስ አፈሩን እያነሳ ሰማዩን ያጨለመበት የአቧራው ዘመን ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር። እናታችን መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ተሰቅሎ እንደወለደቻቸው፣ አዋላጇም ሕፃኑን ስታጥብ ውሃው ጭቃ እንደሆነባት ስትናገር ኖራለች። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ቨርና ነኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካላችሁት ግማሾቻችሁን ማባዛት ያስተማርኩ ስለሆነ እስክጨርስ ወንበር አታንቋቁብኝ።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሟች መልካም መልካሙ እንደሚነገር አላጣሁትም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አድርጌ ጽፌው ነበር። ሌላንድ ግን ሆስፒታል ሳሉ እጄን ይዘው፣ “ቨርና፣ የጎረቤታችንን የዴልን እርሻ ነገር ዘለሽ እንዳታልፊ” አሉኝ። “አገር የሚያውቀውን ነገር ማንበቡ ምን ያደርጋል?” ብላቸው፣ “ማወቁንማ ያውቃሉ። ከእኛ ከኬስለሮች አፍ ግን ሰምተውት አያውቁም” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስለዚህ እያፈርኩ አነበዋለሁ።

አያታችን ከሩሲያ፣ ከቮልጋ ወንዝ ዳር ተነስተው በባቡር እዚህ ሲደርሱ፣ ትንሽ ልጅ እንኳን የሚከለልበት ዛፍ አልነበረም። የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት ሜዳው ላይ የተበተነውን የጎሽ አጥንት ለቅመው ለባቡሩ ኩባንያ እየሸጡ ነው። ጎሹን ማን ፈጀው፣ በጎሹ አደን ይኖሩ የነበሩት የአገሩ ነባር ሰዎችስ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ በቤታችን አልነበረም። ቀጥሎ ብሬነርና ጎረቤቷ ማርሎ የወረዳ ዋና ከተማ ለመሆን ተጣሉ። የማርሎ ሰዎች የእኛ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሳሉ የወረዳውን መዛግብት በጋሪ ጭነው ወሰዱና ዋና ከተማነቱ በዚያው ለእነርሱ ቀረ። እስከ ዛሬ “ሌቦች” እንላቸዋለን፤ ስንታመም ግን እነርሱው ጋ ሄደን እንታከማለን፤ ሌላንድም ያረፉት እዚያው ነው።

ሌላንድ በአንድ ክፍል ትምህርት ቤት ጀምረው በብሬነር ሁለተኛ ደረጃ በ1956 ተመረቁ። በቅርጫት ኳስ ማርሎን ያሸነፈው ቡድን አባል ነበሩ፤ ፎቶው ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከውትድርና ሲመለሱ በ1961 ወይዘሮ ሜቪስን አገቡ። ሜቪስ የማርሎ ልጅ ስለነበሩ አባታችን በሠርጉ ላይ፣ “ከሌቦቹ መልሰን የወሰድነው እሷን ብቻ ነው” ብለው ሕዝቡን አስቀዋል። ሮጀርንና ጃኔትን ወልደው በፍቅር ኖረዋል።

ከዚያ የውሃው ዘመን መጣ። ከእግራችን በታች ትልቅ ውሃ ተኝቷል ተባለና ሁሉም ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። በእኛ ማሳ የወጣው ለከብት የሚበቃ ቀጭን ውሃ ነበር። ከአጥር ማዶ፣ በአቶ ዴል ሩፕ ማሳ ግን ውሃው እየተንፎለፎለ ወጣ። ዴልና ሌላንድ አንድ ቀን ተጠምቀው፣ አንድ ወንበር ላይ ተምረው ያደጉ ናቸው። ሌላንድ ያን ውሃ ባዩ ቁጥር “እኔ ብሆን በቆሎ እዘራበት ነበር” ይሉ ነበር። ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር፤ ይህንንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

በወረዳችን ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ። ገበሬ በአጨዳ ሰሞን ከወደቀ ጎረቤት የማጨጃ ኮምባይነሩን እየነዳ ይሄዳል፣ ሴቶች ምሳ ይዘው ይመጣሉ፣ ፀሐይ ሳትገባ ማሳው ታጭዶ ያልቃል። አመሰግናለሁ እንኳን አይባልም። ነገር ግን ማንም ዝም ብሎ ሰው ማሳ ዘሎ አይገባም። ቀኑን ቆርጦ የሚደውለው አጥር የሚጋራው ሰው ነው። እርሱ ሳይጠራ መሄድ የታመመውን እንደ ለማኝ መቁጠር፣ አጥር ተጋሪውንም መናቅ ነው።

በሰኔ 1984 ስንዴው ወርቅ ሆኖ ሳለ ዴል ከእህል ጎተራ መሰላል ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲስ እያለቀሱ እኛ ዘንድ መጡ። ሌላንድም፣ “አርዲስ፣ ስለ ስንዴው ምንም አታስቢ፤ እኔ አለሁ አይደል እንዴ!” አሏቸው። ሰዉ ተዘጋጅቶ ስልክ ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ራሱ እየደወለ “ሌላንድ፣ መቼ ነው?” ይላል። ሌላንድ ለሁሉም “ዓርብ” እያሉ መለሱ። የራሳቸው ስንዴም ደርሶ ነበርና ረቡዕና ሐሙስን ለራሳቸው ያዙ።

ሐሙስ ጠዋት ሜቪስ፣ “የምዕራቡን ደመና አይተኸዋል? ዛሬውኑ ጥራቸው እንጂ!” አሏቸው።

“የእኔስ ስንዴ ስንዴ አይደለም እንዴ? አንድ ቀን ምን ያመጣል?”

“እነሱ የሚጠብቁት ያንተን አፍ ነው፣ ሌላንድ።”

“ዓርብ አልኩ፤ ዓርብ ነው።”

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላንድ የመጨረሻውን ጥግ አጭደው ሲወጡ በረዶው ወረደ። በረዶ እንደምታውቁት ነው፤ ቤት ይመርጣል። ከአጥሩ ወዲህ አንድ ፍሬ አልወደቀም። ከአጥሩ ወዲያ፣ በዴል ማሳ ቀጥ ብሎ የቆመ አገዳ አልተረፈም። ቄሱም፣ ጎረቤቱም፣ እኛም “የእግዚአብሔር ሥራ ነው” አልን፤ ሌላንድም ቃሉን ከአፋችን ተቀብለው አብረውን አሉት። እግዚአብሔር ግን ዓርብ አላለም።

ዴል ዕዳ ያለባቸው ባንክ ሁለት ዓመት እንኳን አልጠበቀም። በየካቲት 1986 እርሻው በማርሎ ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ለዚህም የአገራችን ወግ አለ፦ ባለቤቱ መሬቱን መልሶ ለመግዛት ሲጫረት ጎረቤት ዋጋ ላይጨምርበት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው። ዴል በምርኩዝ ቆመው ከባለቤታቸው ወንድሞች የለመኑትን ዋጋ ጠሩ። ሐራጅ ባዩ ግራ ቀኝ አየ፤ ሰው ሁሉ እጁን ከቷል። ሌላንድ እጃቸውን አወጡ። ዴል ዞረው አይተዋቸው ፈገግ አሉና፣ “ሌላንድ፣ እጅህን አውርድ እንጂ” አሉ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሌላንድ አላወረዱም፤ እርሻው የእርሳቸው ሆነ። በኋላ ላይ፣ “እኔ ባልወስደው ከዴንቨር የመጣ ኩባንያ ይወስደው ነበር” እያሉ ሲናገሩ ኖረዋል። በዚያ ደረጃ ላይ ግን ከዴንቨር የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ከቤተሰባችንም “ተው” ያላቸው የለም፤ በዚያ ውሃ የበቀለውን የበቆሎ ፍሬ ሁላችንም በልተናል።

ከዚያ በኋላ ሌላንድ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበርነት፣ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት፣ በወረዳው የእርሻ ትርኢት ዳኝነት አገልግለዋል። ሠራተኛ ነበሩ፣ ለተቸገረ ይደርሱ ነበር፤ ውሸት አይደለም። ዴል ማርሎ ውስጥ ጎማ ቤት ተቀጥረው ሠርተው በ1997 አረፉ። ሌላንድ ለቀብሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ፤ ከመኪናው ሳይወርዱ ተመለሱ። አርዲስ ትምህርት ቤቱ ኩሽና ገብተው፣ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ለልጆቻችን ሁሉ ምሳ አወጡ፤ የሌላንድንም የልጅ ልጆች ከማንም አላሳነሷቸውም። ያ ውሃ ደግሞ ዓመት በዓመት እየራቀ ሄዶ ፓምፑ አየርና አሸዋ መትፋት ጀመረ። ለውሃው ሲባል የተወሰደው ማሳ ዛሬ ዝናብ የሚጠብቅ ደረቅ መሬት ነው።

በ2004 ሌላንድ ልባቸውን ታከሙ፤ እርሱም በአጨዳ መካከል ሆነ። አጥር ተጋሪ ይጠራላቸው እንዳይባል፣ አጥር የሚጋራቸው ሰው አልቀረም፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ራሳቸው ገዝተውታል። ጠዋት ላይ ሳይጠራ ኮምባይነር እየነዳ የገባው የዴል ልጅ ከርት ነበር። ሌሎቹ እርሱን አይተው ተከተሉ።

ሌላንድ በመስኮት አይተው፣ “ማን ጠራው?” አሉ።

“ማንም” አሉ ሜቪስ።

“በይ ውጪና ምሳ ስጪው።”

“ምሳውንማ እናቱ ይዛለት መጥታለች። ከእኛ አይበሉም።”

ሌላንድ መጋረጃውን ሳቡት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አርዲስን ይቅርታ ሊጠይቁ እየተነሱ በራቸው ድረስ ነድተው፣ ሳይቆሙ አልፈው ይመለሱ ነበር። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ወንድሜን አሥራ አምስት ዓመት አቃጥሏቸዋል። ሜቪስ በ2011 እስኪያርፉ ድረስ “ዛሬስ ቆምክ?” ብለው ይጠይቋቸው ነበር።

በመጨረሻ በጣፊያ ካንሰር ታመው፣ በማርሎ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው በጥቅምት 2019 በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ልጃቸው ሮጀር፣ “አክስቴ፣ ይሄ ቀብር ነው እንጂ ችሎት አይደለም” ብሎኛል። አባትህ ያዘዙኝ ነው አልኩት። “ታዲያ እነ ከርት መሬቱን መልሱ ቢሉንስ?” አለ። “ቢሉንስ?” አልኩት። መሬቱ ዛሬም በኬስለር ስም ነው። ሮጀር ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ የማዝዘው ነገር አይደለም፤ ግን ስታዩት ይህንንም እንድታውቁ ብዬ ነው።

ሌላንድ ሁለተኛም አደራ ነበራቸው። ሳጥናቸውን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ከርት ሩፕ እንዲሆን ለምነዋል። እኔም ልመናውን ይዤ ወደ ሩፖች ቤት ሄድኩ። አርዲስ በሩን ከፍተው አስገቡኝና ገና ሳልቀመጥ፣ “ቨርና፣ ምን ብለሽ ልታነቢ ነው?” አሉኝ።

“እንደሆነው።”

“ዓርብንም?”

“ዓርብንም፣ ሐራጁንም።”

“እንግዲያው እመጣለሁ። ለቀብሩ ምሳ የሚሆነውን ድንችም እኔ እጋግራለሁ” አሉ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ከርት ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። አራተኛ ክፍል ሳስተምረውም እንዲሁ ነበር፤ መልሱን ሲያውቀው ነው የሚዘገየው። “ቲቸር፣ ያኔ ማሳው ውስጥ የገባሁት ስንዴው ምን አጠፋ ብዬ ነው” አለ። “ለስንዴው ነው። እሱን ግን አልሸከምም። አባቴን በሐራጁ ቀን ማንም አልተሸከመልኝም። እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም።”

“አላስቀየምከኝም” አልኩት። እውነቴን ነው። ስመለስ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ።

ሌላንድ ኬስለር ልጆቻቸውን ሮጀርንና ጃኔትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እኔን እህታቸውንና የማያልቅ እፍረት ትተውልን ሄደዋል። ይቅር በሏቸው ብዬ አልጠይቃችሁም፤ ያ የሩፕ ቤተሰብ ነው፣ እኛ የምናዝበት አይደለም። ፈራጁ ጌታ እርሳቸው ለጎረቤታቸው ከቆረጡት ቀን የተሻለ ቀን ይቁረጥላቸው፤ ነፍሳቸውንም በምሕረቱ ይቀበል።

አሁን ሳጥኑ ይነሳል። የሚያነሱት አምስት ሰዎች ናቸው፤ በግራ በኩል፣ ከኋላ ያለው እጀታ ባዶ ነው። የዚህን ወረዳ ሰው አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ የጎደለ ቦታ ሲያይ መቀመጥ አይችልም። ዛሬ ግን እባካችሁ፣ በደግነት ብላችሁ ማንም እንዳትነሱ። ሳጥኑ ወደዚያ ወገን ቢያዘነብልም ያዘንብል።