የድንኳኑ ቦታ

ወንድሜ ሲላስ፣ የጌታ ሰላም እስከ ድሬዳዋ ይድረስህ። እኛ ተመስገን ነው፤ እዚህ ሚዛን ዝናቡና እኔ ብቻ ነን ያላረፍነው።

እማዬን ይዤ ግቢያችን በነበረበት ላይ የተሠራው ፎቅ ከገባን ወር ሆነን። ሰፈሩን አታውቀውም፤ ሁሉም ወደ ላይ ሆኗል። የእኛ ቤት አራተኛ ላይ ነው። ውሃ አይጠፋም፣ ከመስኮቱ ገበያው ሁሉ ይታያል፣ ለሆስፒታሉም ቀረብን።

እማዬ ግን ከቤቱ በፊት ደረጃውን ነው ያየችው። ተሸካሚዎቹ አልጋዋን ሲያወጡ መታጠፊያው ላይ አልዞር ብሏቸው ስንት ታገሉ! "ባዶውን እንዲህ ካስቸገረ..." አለች። ሰው ፊት ተቆጣኋት።

ትናንት ደግሞ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ይሄይስን አስጠርታ፣ "ድንኳኑ የት ይተከላል?" አለችው። እሱም ወርዶ የመኪና ማቆሚያውን በእርምጃ ለካ። የአቮካዶው ዛፍ የነበረበት፣ የአባዬም ድንኳን የተተከለበት ቦታ ነው። ተመልሶ፣ "ይበቃል እማማ ውድነሽ፣ መኪኖቹን እናስነሳለን" አላት። ደስ ብሏት ሾርባዋን ጨረሰችው፤ እኔ ስለምናት እንቢ ያለችውን!

ዛሬ ጠዋት የጎረቤታችን የህሊና መኪና ከቦታዋ የለችም። ማን እንደነገራት እንጃ። ደረጃውን በሩጫ ወርጄ፣ "መልሺያት! ማን አንሺ አለሽ?" ብዬ ጮህኩባት። እሷ አቀፈችኝ።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን፣ ፈቃድ ከሰጡህ ቀደም አድርገው። ለባለቤትህ ለረድኤት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጌታ በደህና ያገናኘን።

መኪናዋ ቦታዋ ተመልሳለች። ይህን ስጽፍልህም በመስኮት እያየኋት ነው።

እህትህ ቲጂ