የእኔ ጭንቀትና የእርስዎ ልብ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የልጅ ልጅዎስ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በስልክ “ምነው ጠፋሽ፣ ምን አስቀየምኩሽ?” ሲሉኝ ስራ በዝቶ ነው አልኩዎት። ስራ አልበዛም። የሆቴሉ እንግዳ ከቀነሰ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ከምሳ በኋላ የሚታጠብ አንሶላ እየጠበቅን እጃችንን አጣጥፈን የምንውልበት ቀን ሁሉ አለ። የጠፋሁት አንድ የደበቅኩዎት ነገር ስላለ ነው። ፊትዎ ተቀምጬ ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ እጽፈዋለሁ።

ከራሴ ልጀምር። መጀመሪያ ያመመኝን ቀን ያስታውሱታል። ንጹሕ ልብስ ከሚቀመጥበት ክፍል ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳልሸከም። ድንገት ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ መሰለኝ። ጣቶቼን ነዘረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ። “እትዬ፣ መሞቴ ነው” አልኩዎት። ካውያውን ነቅለው፣ ሽርጥዎን እንኳ ሳይፈቱ፣ በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቤን ምት በወረቀት አነሱ። ደም ወሰዱ፤ ጥቂት ሰዓት አቆይተው ደግመው ወሰዱ። በመጨረሻ መነጽር ያደረገችው ሐኪም “ልብሽ ጤነኛ ነው፤ ይሄ ጭንቀት ነው” አለችኝ። እብድ ነሽ ያለችኝ ስለመሰለኝ አኮረፍኩ። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ፣ “ደህና ነሽ ተብሎ የሚከፋው ሰው ዛሬ ገና አየሁ” ብለው ሳቁብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ስሜ ድንጉጧ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያመላለሱኝ እርስዎ ነዎት። በሦስተኛው ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ሲጀምርሽ ተቀምጠሽ ነው ወይስ ደረጃ ስትወጪ?”

“ተቀምጬ።”

“ምን ያህል ይቆያል?”

“ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ይለቀኛል።”

“የሚያምሽ የት ጋ ነው?” በአንድ ጣቴ አሳየኋት፤ እንደ መርፌ ይወጋኛል አልኳት። ከዚያ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። አምና ሱቁ ውስጥ ዕቃ እየመዘነ በልብ ሕመም ወድቆ መቅረቱን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

“ጭንቀትና የልብ ሕመም ይመሳሰላሉ። እኛም ያንቺን የለየነው አይተን ሳይሆን መርምረን ነው። ደረትን ተጭኖ የሚይዝ ከሆነ፣ ስትደክሚ የሚመጣ ከሆነ፣ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያመጣ ከሆነ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ። ደግሞ ጭንቀት ነው ያልኩት ላንቺ ነው። ለሌላ ሰው እንዳታውሺው።”

እርስዎ ያኔ መድኃኒት ቤት ሄደው ስለነበር አልሰሙም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከሰማሁትም ውስጥ ይዤ የወጣሁት “ጭንቀት ነው” የሚለውን ነበር።

ትንፋሽ መቁጠሩን ተማርኩ። እስከ አራት እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ወደ ውጭ። እርስዎ አንሶላ እየተኮሱ ይቆጥሩልኝ ነበር። አንዳንዴ ሳያስቡት ሰባት ይደርሱና “ትርፉን ለነገ አስቀምጪው” ይሉኛል። ቀስ በቀስ ቀለለኝ። ሲመጣብኝ አውቀዋለሁ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። እንዲያ እያልኩ ሳላስበው የክፍሉ ሐኪም ሆንኩ። አንዷ ልቤ መታ ስትል፣ ሌላዋ ራሴን አዞረኝ ስትል፣ ወደ እኔ ይልኳታል። “ጭንቀት ነው” እላለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ይለኝ ነበር። ድንጉጥ ሲባል የኖረ ሰው፣ የሚያውቅ ሲባል ደስ ይለዋል።

ሊፍቱ የተበላሸበት ሳምንት መጣ። የታጠበውን አንሶላ በጀርባችን ተሸክመን ሦስት ፎቅ እንወጣ ነበር። ልጅዎ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ እርስዎ ስልክዎን ከእጅዎ አይለዩም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሸክምዎን አውርደው ግድግዳውን ተደግፈው አገኘሁዎት። መዳፍዎን ደረትዎ ላይ ዘርግተው ነበር።

“ድንጋይ የተጫነኝ ነው የሚመስለኝ” አሉኝ። “ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። ይሄ ጥርሴ ደግሞ አብሮ ይጠዘጥዘኛል።”

“የትኛው ጥርስ?”

“እሱን እኮ ነው ያጣሁት። መንጋጋዬን በሙሉ ነው።”

ይህን ሁሉ ነገሩኝ። ከዚህ በላይ ማንም ሰው ሊናገር አይችልም። እኔ ግን “የልጅዎ ነገር አስጨንቆዎት ነው” አልኩዎት። ደረጃው ላይ አስቀምጬ አራትና ስድስት አስቆጠርኩዎት። ሕመሙ ተወዎት። የተወዎት ስለቆጠሩ ሳይሆን ስለተቀመጡ ነበር። እኔ ግን ያዳንኩዎት መስሎኝ አንሶላዬን ተሸክሜ እየዘለልኩ ወጣሁ።

አሁን ወደምፈራው ደረስኩ። በማግስቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ጫማዎን እያሰሩ፣ “ነገ ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት ብቅ ልበል ይሆን?” አሉኝ። እኔም፣ “ሄደው ምን ሊሉዎት? እኔን ሦስት ጊዜ አመላልሰው ጭንቀት ነው አሉኝ። ለእርስዎም ያንኑ ነው የሚሉዎት” አልኩ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሳቁና “እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ” ብለው ወደ ስራዎ ገቡ።

እርስዎ ሊሄዱ ነበር። የመለስኩዎት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አያውቅም፤ ምናልባት እርስዎም ረስተውታል።

ሐሙስ ምን እንደሆነ የሚያስታውሱት በከፊል ነው፤ ስለዚህ ልንገርዎት። መተኮሻው ማሽን አጠገብ ቆመው ነበር። ፊትዎ አመድ መሰለ፣ አስታወከዎት። አሁንም አስቀምጬ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አስር ሆነ፤ አልለቀቀዎትም። ግራ ክንድዎን ጨብጠው ያዙ። አንገትዎን ስነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ እንፋሎት ውስጥ ሁላችንም ላብ በላብ ነን፤ የሁላችን ላብ ይፋጃል፣ የእርስዎ ብቻ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል። የሐኪሟ ቃል ያኔ ትዝ አለኝ፤ የሰማሁት በሙሉ፣ ከነማስጠንቀቂያው። በአንሶላ ጋሪ ላይ አስተኝተን እየገፋን እስከ በር ወሰድንዎት። ልብስ የሚያመላልሰው ሾፌር መኪናው ውስጥ በከረጢቶቹ መሃል አስተኛዎትና በረረ።

ድንገተኛ ክፍል ወንድ ሐኪም ነበር። “መቼ ጀመራቸው?” አለኝ።

“አሁን” አልኩ።

“ከዚህ በፊትስ? ሰሞኑን ያማቸው ነበር?”

“አልነበረም።”

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። አዎ ካልኩት፣ ታዲያ ለምን አልመጡም ይለኛል ብዬ ነው። እርስዎ አፍዎ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎልዎት ያዩኝ ነበር። ይዘዎት ገቡ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ የኔም ልብ መምታት ጀመረ፣ ጣቶቼን ነዘረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። የኔን ስለማውቀው ዝም ብዬ ተውኩት። ሲለቀኝ ተነስቼ ሐኪሙን ፈልጌ፣ “ዋሽቻለሁ። ከእሁድ ጀምሮ ደረጃ ሲወጡ ይይዛቸው ነበር” አልኩት። ጻፈው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማምሻውን ሐኪሙ ወጥቶ የተዘጋውን የደም ሥር እንደከፈቱት፣ የልብዎ ጡንቻ ግን የተወሰነው እንደሞተ ነገረን። “ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ” ብሎ ጀመረና ልጅዎ ከነሆዷ ቆማ ስታለቅስ አይቶ ተወው። የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ልጅዎ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ “እናቴን አተረፍሽልኝ” አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ወለደች።

እርስዎም ከዳኑ ወዲህ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ “ድንጉጧ ባትኖር ኖሮ አልቆልኝ ነበር” ይላሉ። አለቃችን በሰራተኛው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ፤ ተጨበጨበልኝ። እርስዎ ስራዎን ትተው ቤት ዋሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቆሙበት መተኮሻ ላይ እኔን አቆሙኝ። የጠፋሁት ለዚህ ነው። ቤትዎ ስመጣ በጎረቤት ፊት ያመሰግኑኛል፤ ተቀምጬ መስማት አልቻልኩም።

ሐሙስ ዕለት ጋሪውን የገፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ረቡዕ ዕለት ግን የመለስኩዎትም እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቅዎት ሁለቱንም ይንገሩልኝ። ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ብታነበውም አይክፋዎት፤ እሷም ማወቅ ይገባታል።

አሁን ሴቶቹ ደረቴን ሲሉኝ ምን እንደሆነ አልነግራቸውም። “አላውቅም፣ ተነሺ እንሂድ” ነው የምለው። ባለፈው ሰኞ አንዷን ወሰድኳት። ቅንጣት የምታህል እንከን አልተገኘባትም፤ የግማሽ ቀን ስራ አስቀረሽኝ ብላ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ታኩርፍ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ይህ ከዚያ በፊት ስለሚደርስዎት አስበው ይቆዩኛል። ካላስገቡኝ እመለሳለሁ፤ ሌላ እሁድም እመጣለሁ። ሊቆጡኝ ከፈለጉ ይቆጡኝ። ቁጭ ብለው ይሁን ብቻ።

አክባሪዎና ታናሽዎ፣
ድንጉጧ