ስለ ዘጠኝ ቁጥር ማሽን የመሬት ሽቦና ስለ አረንጓዴው ተለጣፊ

ለተከበሩ የፋብሪካችን የደህንነት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ እርስዎም ቤተሰብዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ቀኝ እጅዎ ለፊርማ ሁልጊዜ እንዲበረታ ምኞቴ ነው። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደህና ነኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ቢኖር ታናሽ እህቴ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራ የምትጀምርበት ዘጠኝ ቁጥር የጨርቅ ማጠቢያ ማሽን ብቻ ነው። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቀደም ሲል በእጅዎ የሰጠኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ስለወጡ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ባለፈው ወር በማጠቢያው አዳራሽ የሃያ ሦስት ማሽኖችን የመሬት ሽቦ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈትሸው ጨርሰዋል። ለማያውቅ አንባቢ፣ ይህ ሽቦ ከማሽን የሾለከ ኮረንቲ በራሱ መንገድ ወደ መሬት እንዲወርድ የሚያደርግ ነው። የእኛ አዳራሽ ወለል ደርቆ ስለማያውቅ፣ ሽቦው በሌለበት መንገዱ ሠራተኛዋ ናት።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1. የሃያ ሦስቱም ማሽኖች ውጤት ሁለት ነጥብ አራት ኦም ተብሎ ተመዝግቧል። መንትዮች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም። አሥራ ሰባት ቁጥር ደግሞ አምና ተነቅሎ የተወሰደ ሲሆን በቦታው የቀሩት አራት ብሎኖች ናቸው። ብሎኖቹም ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈዋልና እንኳን ደስ አላቸው።

2. መለኪያ መሣሪያው ከአምና ጀምሮ ከመደርደሪያዬ አልወረደም፤ በዕቃ መውጫ መዝገቡ ላይም የማንም ፊርማ የለም። ባትሪው ፈስሶ ሳጥኑን አዝጎታል። ያለ መሣሪያ ኦም የሚለካ ሰው አለቃችን መሆኑ ያኮራናል።

3. ሐሙስ የዘጠኝ ቁጥር ሞተር ሲቀየር የመሬት ሽቦው ተፈታ፤ መልሶ ያሰረው የለም። ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከማሽኑ ሥር ተንጠልጥሏል። ከሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ «ተፈትሿል» የሚለው አረንጓዴ ተለጣፊዎ አለ። ማሽኑ ለሙከራ ሲነሳ እህቴን ነዘራት። ለፎርማኑ ብትነግረው፣ «እቴ፣ ነዘረኝ አይባልም፤ ነካ አደረገኝ ነው የሚባለው» አላት። እኔ ሄጄ ሽቦውን ባሳየው ደግሞ፣ «ተለጣፊ አለው እኮ። አንተ ከኃላፊው ልትበልጥ ነው?» አለኝ። እንዳልበልጥዎ አውቄ ተመለስኩ።

4. የማጠቢያው አዳራሽ ሴቶች የራሳቸውን ፍተሻ ፈጥረዋል። መዳፍ ኮረንቲ ሲያገኘው ይጨብጣል፣ አልለቅም ይላል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ማሽኑን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። እህቴ «ጋሼ፣ ሰላም ሳንለው አንጀምርም» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ያ ሰላምታ ግን የሚያገለግለው ለዚያች ቅጽበት ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እጇ እስከ ክርኗ ውኃ ውስጥ እያለ፣ ማሽኑ ሐሳቡን ቢቀይር የሚነግራት የለም።

ስለዚህ አዲስ ባትሪ አስገብቼ መሣሪያውን ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ሰኞ ከአንድ ሰዓት በፊት ሽቦውን አሳስረው፣ ፈርመው ወስደው ቢለኩልን ውለታዎን አንረሳም። ሳይመጡ ከቀሩ ግን አንድ ጓጉንቸር በስሜ ፈርሜ ስላወጣሁ፣ የዘጠኝ ቁጥርን ማብሪያ ሳጥን ዘግቼበት ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እጠብቅዎታለሁ። የስንብት ደብዳቤዬን ይዘው ቢመጡም መለኪያውን አይርሱ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ በማይፈሰው ብዕርዎና በፈሰሰው ባትሪዎ እየተደነቅሁ፣
የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ የዘጠኝ ቁጥሯ ሠራተኛ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፍተሻው ዕለት በግምጃ ቤቱ መስኮት አይቼዎት ነበር። በዘጠኝ ቁጥር ላይ ተለጣፊውን ከመለጠፍዎ በፊት ግራ ቀኝ ተመለከቱና ማሽኑን ቀስ ብለው ነካ አደረጉት። በእጅዎ ጀርባ።