ኦስቲያ ላይ የተነሳሁት ፎቶ

ሮም፣ ሐሙስ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

የታላቅ እህቴን ዓይን ማየት አስጠልቶኛል። ከአዲስ አበባ ድረስ ልጠይቃት መጥቼ እንዲህ ታድርገኝ?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ዕረፍቷ ስለሆነ ፒኜቶ የሚባለውን ሰፈር ልታሳየኝ ወጣን። ትራም ስንጠብቅ አንዲት የማላውቃት ያገራችን ሴትዮ መጥታ አቀፈችኝ። "እግዜር ያጽናሽ፤ አባት ማጣት ከባድ ነው" አለችኝ። የተነገረኝ መስሏታል። እህቴ ክንዷን ስትይዛት ጊዜው አልፎ ነበር።

አባባ ካረፉ አምስት ቀናቸው ነው።

"አሎራ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? አትንገሪያት ያሉኝ ከቤት ናቸው" አለች እህቴ። "አገርሽ ስትገቢ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ሊያረዳሽ ነበር። እዚህ ማን አብሮሽ ያለቅሳል?"

እንደ ሕፃን አይስክሬም እየገዛች ስታዞረኝ ሰነበተች። ትናንት ለአባባ ባርኔጣ ስመርጥ እንኳ "ቡኒው ያምርባቸዋል" ብላኛለች። ይህን እንዴት ብዬ ይቅር እላለሁ?

እሑድ እሳቸው ሲቀበሩ እኛ ኦስቲያ ባሕር ዳር ነበርን። እሷ ያነሳችኝ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። የዚያን ቀን ጥቁር መነጽሯን ባቡር ውስጥ እንኳ አላወለቀችም። "ፈረንጅ ሆንሽ" ብዬ ስቄባታለሁ።