ባትገፋ ኖሮ

ቡሬ፣ እሑድ መጋቢት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለይታገሱ
ዱርቤቴ

እንደምን ሰንብተሃል? እህትህ አይናለምስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ ስለማታነሳ ይህን ወረቀት በሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ብትቀደው አልቀየምም፤ ግን አንብበህ ጨርሰህ ቅደደው።

የምጽፈው ስለ መኪናዋ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ነድተህ የገዛሃት ናትና የደረሰባትን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈለግሁም። ሞተሯ ተበላሽቷል።

አንተ ከሄድህ ወዲህ የሚነዳልኝ ክንፈሚካኤል ነው። ማክሰኞ ዕለት በርበሬ ጭነን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ፣ ማንኩሳ ልንደርስ ስንል ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨና ጠፋ። ክንፈሚካኤል ቁልፉን አንዴ ሞክሮ እጁን ሰበሰበ። ባንነካካት ይሻላል፣ ሜካኒክ እናምጣ አለኝ። እኔን ደግሞ ገዢ ይጠብቀኛል።

ሰዓቱ የቅዳሴ መውጫ ነበርና መንገዱን ነጠላ የለበሰ ሰው ሞልቶታል። የእኛን አገር ሰው ታውቀዋለህ፤ የቆመ መኪና አይቶ አያልፍም። ሳንለምናቸው አሥር ያህል ሰዎች መጥተው እጃቸውን ጫኑ። እህል ያልቀመሱ ጾመኞች ናቸው። አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ «ይችስ ከእኛም በላይ ጾማለች» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ክንፈሚካኤል ግን አልሳቀም። ማርሽ አስገባ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ አስገፋሁ። በሦስተኛው ከውስጥ የብረት ድምፅ ተሰማና መኪናዋ ደርቃ ቀረች።

አስጎትተን ፍኖተ ሰላም መሐሪ ጋራዥ አስገባናት። ካቴናው፣ ያ የሞተሩን ላይና ታች እኩል የሚያስኬደው ሰንሰለት፣ ተበጥሶ ወጣ። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። መሐሪ የቫልቮቹን ነገር በግምት አልናገርም ብሎ የሞተሩን ራስ አወረደው። ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በየቫልቩ ጉድጓድ ቤንዚን ሞላበት። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ምን እንደምንጠብቅ ጠየቅሁት። ደህናው ቫልቭ ቤንዚኑን ይይዛል፣ የተጣመመው ያፈሳል አለኝ። ከስምንቱ አምስቱ ያዙ። ሦስቱ በሥር በኩል ማንጠባጠብ ጀመሩ። አንዱን አውጥቶ መስታወት ላይ ሲያንከባልለው ግንዱ ተወላገደ። ከፒስቶኖቹ አናት ላይም ቫልቭ የመታው የጥፍር ምልክት የመሰለ ጠባሳ አሳየኝ።

«ካቴናው አርጅቶ ነበር፤ ምን ይደረጋል» አልሁት።

«እትዬ እናኑ፣ አርጅቶስ ነበር» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ግን ስትቆም የላላው ካቴና ጥርስ ዘልሎ ነው እንጂ አልተበጠሰም። የበጠሰውና ቫልቩን ያጣመመው ግፊቱ ነው። በቆመችበት ብትተዪያት ኖሮ ካቴና ብቻ ቀይረን እንሸኝሽ ነበር።»

ይህን ቃሉን እንዳለ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፈርሁት። ከጻፍሁ በኋላ ወደ ኋላ ስገልጥ ጥር 20 ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ይታገሱ ከሄደ ሦስት ቀኑ። ዛሬ ቄስ ወልደ ዮሐንስንና ሁለት ሽማግሌዎችን ላክሁበት።» ሦስት ቀን ብቻ። እነሱም ካረፍህበት ከእህትህ ደጅ ድረስ መጥተው በሰው ፊት እሺ በል አሉህ፤ አንተም አንድ ቃል ሳትመልስ ገባህ። ስልክ ማንሳት የተውኸው ከዚያ ወዲህ ነው።

መሐሪ ሦስቱን ቫልቭ ቀይሮ፣ አምስቱንም በየመቀመጫቸው በእጁ ፈትጎ ሊመልሳት ይችላል። ሥራው ችኮላ አይወድም ብሎኛል። ወይም እንዳለች ትሸጥ። ይህን የምትወስነው አንተ ነህ። ሞተሩ ተከፍቶ፣ ሸራ ለብሶ፣ ቃልህን ይጠብቃል።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ትናንት መጥተው ነበር። ለፋሲካ ዱርቤቴ ደርሰን እንምጣ ወይ አሉኝ። አይሆንም፣ ይተዉት አልኋቸው። ሰው አልክብህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መሐሪ፣ ይህ ካቴና ሳይበጠስ በፊት ወራት ይጮሃል፣ የሰማው ሰው አልነበረም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ክንፈሚካኤል ወደ መሬት አየ። በርበሬ ስናስጭን፣ ሞተሩ ድምፅ አለው፣ ትቁምና ትታይ ያልኸኝ ቀን እሱም እዚያው ነበርና። ያን ቀን በጫኞቹ ሁሉ ፊት የመለስሁልህን ደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም ነበር። «ይታገሱ ቁልፍ አስቀምጦ ሄደ» ብቻ ብዬ ነው ያለፍሁት። ዛሬ ከዚያው መስመር ሥር ጨመርሁት፦ «ድምፅ ካስፈራህ አህያ ንዳ አልሁት። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ልክ ሰምቶ ነበር።»

እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። ጾሙን በሰላም ታስፈታህ።

እናኑ